ልጁን ከፈረንሳይኛው ከማስወጣታችን በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ የአንባቢያን ገጽ ላይ የአንድ አባት ጽሑፍ አነበብኩ። ልጃቸው 2ኛ ክፍል ነው። ንባብ አልገፋ አለው፤ ክፍል ውስጥ አርፎ መቀመጥም አቃተው። ትምህርት ቤቱ ጠራቸውና "ፍሬንች ኢመርሽን ለሁሉም ልጅ አይሆንም" አላቸው (ፍሬንች ኢመርሽን ፈረንሳይኛ የማያውቁ ልጆች ትምህርታቸውን በፈረንሳይኛ የሚማሩበት ፕሮግራም ነው)። አስወጡትና እንግሊዝኛ ክፍል አስገቡት። ጽሑፋቸውን የጨረሱት "እናንተም ጊዜ ሳታባክኑ ቶሎ አውጡ" ብለው ነው።

ከእሳቸው ጋር ጠብ የለኝም። ልጃቸውን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። "ቶሎ አውጡ" የምትለዋ ምክር ግን ለሁላችንም የተላለፈች ስለሆነች ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በዚህ በቶሮንቶ ስንቱ ሐበሻ ወላጅ ይህችኑ ንግግር ሰምቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ "እሺ፣ አመሰግናለሁ" ብሎ ከስብሰባ ሲወጣ አይቻለሁ።

ማን ነሽ ትሉኝ ይሆናል። ተወልጄ ያደግሁት ድሬዳዋ ነው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበር ፈረንሳይኛን ከመምህር በፊት ከአባቴ አፍ ነው የሰማሁት። (የድሬ ፈረንሳይኛ ሰዋስዉ አይጠየቅም፤ ግን ያግባባል።) ካናዳ ስመጣ ያቺው ፈረንሳይኛ እንጀራ ሆነችኝ። ፍሬንች ኢመርሽን ትምህርት ቤት ውስጥ ኢኤ ነኝ። ማለትም መምህርት አይደለሁም፤ ትምህርት የከበዳቸው ወይም ጠባያቸው ክፍሉን ያስቸገረ ልጆች አጠገብ የምቀመጥ ረዳት ነኝ። ሥራዬን እወደዋለሁ፤ ላጣውም አልፈልግም። ስለዚህ እባካችሁ ስሜን አታውጡብኝ።

የምለው አንድ ነገር ነው። ልጅን ከፈረንሳይኛ ማስወጣት በራሱ መፍትሔ አይደለም። ማንበብ የከበደው ልጅ ችግሩን በቦርሳው ይዞት ነው ወደ እንግሊዝኛው ክፍል የሚሄደው። እዚያ ምን እንደሚደረግለት ሳይጠይቁ ማዘዋወር ሰፈር መቀየር ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

አንድ ልጅ ላንሣላችሁ። ማን እንደሆነ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገሩን ቀይሬዋለሁ። የሰባት ዓመት ልጅ ነው። ቀልደኛ፣ ፈጣን፣ ኳስ ላይ የሚደርስበት የለም። ዲክቴ በሚባለው፣ መምህርቷ የምትጠራውን ቃል በሚጽፉበት ሰዓት ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ማዳም (መምህርቷ) ትነሣና በአንድ ትንፋሽ "ሰማያዊውን ደብተር አውጡ፣ ቀን ጻፉ፣ አንድ መስመር ዝለሉ፣ ላጲስ አስቀምጡ" ትላለች። በፈረንሳይኛ ነው ታዲያ። ሌሎቹ ደብተር ሲያወጡ እሱ ጠረጴዛ ሥር ገብቷል። የአንዱን የጫማ ማሰሪያ ይፈታል፤ ሌላዋን ይመታል። ማዳም ትቆጣለች። ኮሪደር ይወጣል። ኮሪደር ደግሞ መጀመሪያውኑ የፈለገው ቦታ ነው፤ እዚያ ዲክቴ የለም።

አራቱን ትእዛዞች በሥዕል ሠራሁና ጠረጴዛው ላይ ለጠፍኩለት። ደብተር፣ ቀን፣ መስመር፣ ላጲስ። አንዱን ሲጨርስ ሥዕሉን ይገለብጠዋል። ማዳምም (ይህን ያደረገችው እሷ ናት፤ እኔ አይደለሁም) ትእዛዙን አንድ በአንድ፣ በእጇ እያሳየች መስጠት ጀመረች። የቃላቱንም ቁጥር ቀነሰችለት። ሲጨንቀው የሚያሳየው ካርድ ሰጠነው። ካርዱን ካሳየ ሳይጠየቅ ውኃ ጠጥቶ ይመለሳል። መልአክ ሆነ አልላችሁም። ከምሳ በኋላ ዛሬም ይማታል። ዲክቴ ላይ ግን ወንበሩ ላይ ነው።

የከረመው ነገር የወጣው እሱ ከተረጋጋ በኋላ ነው። ልጁ ድምፅ አይለይም። ፈረንሳይኛ በአፍንጫ የሚወጡ አናባቢዎች አሉት፤ ለሱ ሁሉም አንድ ናቸው። ደግሞ ቃሉ መጨረሻ ላይ የሚጻፉ ግን የማይነበቡ ፊደሎች አሉ። "ያው የቋንቋው ነገር ነው" ይባል ነበር። አንድ ቀን ሰልፍ ይዘን በር ስንጠብቅ እንደ ጨዋታ በእንግሊዝኛ ሞከርኩት። "'ካት' በል። አሁን የመጀመሪያዋን ድምፅ ተዋትና በል።" አቃተው። ሌላ ቃል። አቃተው። እንግሊዝኛ እንግዲህ የሚቀልድበት ቋንቋው ነው። ነገሩ የፈረንሳይኛ አልነበረም ማለት ነው። ለማዳምና ለልዩ ፍላጎት መምህርቷ ነገርኳቸው። እዚያው ክፍል እያለ ድምፅ ለይቶ ማንበብ የሚለማመድበት ጊዜ ተያዘለት።

ይህን ያወራሁት ለመኩራራት አይደለም። የሠራሁት ወረቀት፣ ማርከርና ፕላስተር የፈጀ ነገር ነው። ግን ልብ በሉልኝ። ያ ልጅ ጠረጴዛ ሥር በገባበት ወር ቤተሰቡ ቢጠራ ኖሮ የሚባለው "ጠባዩ ለኢመርሽን አይሆንም" ነበር። ጠባይ የምንለው ብዙ ጊዜ ያልገባው ልጅ "አልገባኝም" ከማለት ሲሸሽ የሚያደርገው ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሰነፍ ከሚባል ረባሽ ቢባል ይመርጣል። ቀኑን ሙሉ ግማሽ የሚገባውን ቋንቋ ሲያዳምጥ የሚውል ልጅ ደግሞ ይደክመዋል። እኛ ራሳችን በመጣን ሰሞን ሙሉ ቀን እንግሊዝኛ ስንሰማ ውለን ራሳችን ሲዞር አልነበረም?

ወደ ነገሩ ሥር ልመለስ። ፍሬንች ኢመርሽን የተጀመረው በ1965 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) ሞንትሪያል አጠገብ ሴንት ላምበርት በምትባል ከተማ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ወላጆች ናቸው ገፍተው ያስጀመሩት። ልጆቹ ፈረንሳይኛ ሳያውቁ እንዲገቡ ታስቦ ነው የተሠራው። ስለዚህ "ቤታችሁ ፈረንሳይኛ ስለማይነገር ነው" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ፈገግ በሉ። የሁሉም ቤት እንዲሁ ነው።

ገና በ1970ዎቹም ይኸው ክርክር ነበር። ኦታዋ ውስጥ ሮናልድ ትራይትስ የሚባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ አንዳንድ ልጆች ለኢመርሽን የሚሆን ዝግጁነት ስለሌላቸው ቢወጡ ይሻላል አሉ። ሞንትሪያል ውስጥ ማጊ ብሩክ የሚባሉ ተመራማሪ ደግሞ የቋንቋ ችግር ያለባቸውን ልጆች ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምረው ተከታተሉ። ኢመርሽን ውስጥ ያሉት እንግሊዝኛ ክፍል ካሉት ቢጤዎቻቸው በእንግሊዝኛ ወደ ኋላ አልቀሩም። ፈረንሳይኛው ትርፋቸው ሆነ። ሌላ ጥናታቸው ለእኔ ሥራ ይበልጥ ይቀርባል። ከኢመርሽን የሚወጡትና የሚቆዩት ደካማ ልጆች በውጤት ያን ያህል አይራራቁም። የሚለያቸው ይበልጡን ጠባያቸውና ለትምህርቱ ያላቸው ስሜት ነው። ከወጡ በኋላም ችግራቸው አብሯቸው ነበር። የማክጊል ዩኒቨርሲቲው ፍሬድ ጄንሲም ለብዙ ዓመት በዚሁ ጉዳይ ሲሠሩ ወደዚሁ ያዘነበለ ነገር ነው ያገኙት።

ይህን ሁሉ ሰምታችሁ ደግሞ "ተዉት፣ ይለምደዋል" እንዳትሉ። እሷም ሌላዋ ጉድጓድ ናት። እኔ የምሠራበት ቦታ እስከ 3ኛ ክፍል ድረስ ትምህርቱ በሙሉ በፈረንሳይኛ ነው። እንግሊዝኛ የሚመጣው 4ኛ ክፍል ነው። ስለዚህ ልጁ ባያነብ ሰዉ ሁሉ ፈረንሳይኛውን ይጠረጥራል። ወላጅም መምህርም ይጠብቃል። 4ኛ ክፍል ሲደርስ በሁለቱም ቋንቋ እንደማያነብ ይታወቃል፤ ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። መጠበቅ አያስፈልግም። ድምፅ መለየት መቻሉን ልጁ በሚያውቀው በማንኛውም ቋንቋ ማየት ይቻላል። በእንግሊዝኛ የታየው ችሎታ ልጁ በፈረንሳይኛ እንዴት እንደሚያነብ ቀድሞ ይጠቁማል። ኦንታሪዮ ውስጥ (ቶሮንቶ ያለችበት ክፍለ ሀገር ነው) የሰብዓዊ መብት ኮሚሽኑ በየካቲት 2022 ባወጣው ሪፖርት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ማንበብ የሚከብዳቸውን ልጆች በትክክለኛው መንገድ እያስተማሩ እንዳልሆነ ተናግሯል። ከዚያ ወዲህ፣ ከ2023 መስከረም ጀምሮ፣ ከመዋዕለ ሕፃናት ሁለተኛ ዓመት እስከ 2ኛ ክፍል የንባብ ቅድመ ምርመራ ግዴታ ሆኗል። እና ስብሰባ ስትጠሩ መጀመሪያ "የልጄን የንባብ ምርመራ ውጤት አሳዩኝ" በሉ።

አሁን ወደኛ ልምጣ። የኛ ሰው መምህር ያከብራል፤ ጥሩ ነው። ግን መምህር የተናገረውን ሁሉ እንደ ፍርድ እንቀበላለን። ሌላው ደግሞ ሐሜት ነው። "ልዩ ፍላጎት" የምትል ቃል ወረቀት ላይ ካየን ልጃችን የተፈረደበት ይመስለናል። አንዲት እናት ወረቀቱን እጥፍጥፍ አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና "ባለቤቴ እንዳያየው" አለችኝ። ወረቀቱ አይኢፒ ነበር፤ ማለትም ለልጁ ብቻ የተዘጋጀ የትምህርት ዕቅድ። "ፈተናውን በቃል እንዲመልስ ይፈቀድለት፣ ተጨማሪ ጊዜ ይሰጠው" ነው የሚለው። እንዲህ ያለ ወረቀት ተደብቆ ምን ሊጠቅም ነው?

አይኢፒ ለማግኘት የሐኪም ወይም የሳይኮሎጂስት ወረቀት ግዴታ አይደለም። ብዙ ወላጅ ይህን ስለማያውቅ ምርመራ እስኪደርሰው ይጠብቃል። በትምህርት ቦርዱ በኩል ወረፋው ረጅም ነው፤ በግል ደግሞ ሦስት አራት ሺህ ዶላር ይጠየቃል። (የሥራ ቦታ ኢንሹራንሳችሁ ለሳይኮሎጂስት የሚከፍል ከሆነ እዩት። የሚከፍል ብዙ አለ፤ እኛ የምናስታውሰው ጥርስና መነጽር ብቻ ነው።)

ልጁ ልዩ ድጋፍ እንደሚያስፈልገው በይፋ እንዲታወቅለት ከፈለጋችሁ ደግሞ አይፒአርሲ የሚባል ኮሚቴ አለ። ወላጅ በጽሑፍ ከጠየቀ ርዕሰ መምህሩ "አያስፈልግም" ማለት አይችልም። ደብዳቤያችሁ በደረሰው በ15 ቀን ውስጥ መልስ መስጠትና ኮሚቴው መቼ ገደማ እንደሚሰበሰብ መንገር አለበት። ስብሰባው ላይ የመገኘት መብት አላችሁ፤ የሚናገርላችሁ ሰው ይዛችሁ መግባትም ትችላላችሁ። ውሳኔው ካልጣማችሁ ይግባኝ አለው። እኔ ከሥራ ሰዓቴ ውጪ ከሌላ ትምህርት ቤት ወላጆች ጋር እንዲህ ያለ ስብሰባ ገብቼ አውቃለሁ። ሰው ይዛችሁ ስትገቡ ንግግሩ ይቀየራል። የምሬን ነው።

ሕጉም ከወላጅ ጋር ነው። የሰሜን ቫንኩቨሩ ጄፍሪ ሙር ዲስሌክሲያ (የማንበብ ችግር) የነበረበት ልጅ ነው። የትምህርት ቦርዱ ለእሱ ዓይነት ልጆች ያቋቋመውን ማዕከል በጀት አጠረኝ ብሎ ዘጋው። አባቱ ክስ መሠረቱ። ነገሩ ዓመታት ፈጅቶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ2012 አባት ረቱ። ፍርድ ቤቱ ልዩ ትምህርት ሲመች የሚሰጥ፣ ሲጎድል የሚቀነስ ቅንጦት አይደለም አለ። በኦንታሪዮም የትምህርት ሚኒስቴሩ ራሱ የፈረንሳይኛ ትምህርት ለሁሉም ተማሪ ነው ብሎ ጽፏል። በ2015 ደግሞ ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች በፈረንሳይኛ ክፍሎች ስለማካተት መመሪያ አውጥቷል። መመሪያው አለ። የሚያነበው ነው የጠፋው።

መምህራኑን ብቻ መውቀስም አልፈልግም። ፈረንሳይኛ የሚችል መምህር በአገሩ ሁሉ እጥረት ነው። ፈረንሳይኛም ችሎ የልዩ ፍላጎት ሥልጠና ያለው ማግኘት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ኢኤም ሲመደብ ብዙ ጊዜ ፈረንሳይኛ አይችልም፤ ልጁ ያልገባውን እሱም አይገባውም። ይህ ግን የአስተዳደር ችግር ነው፤ የልጁ አእምሮ ችግር አይደለም። "እንግሊዝኛው ትምህርት ቤት ረዳት ስላለ ይሻለዋል" ሲሏችሁ "እዚህስ ለምን የለም?" ብላችሁ ጠይቁ። ሰው ሁሉ የከበደውን ልጅ እየላከ እንግሊዝኛው ክፍል ከአቅሙ በላይ ሸክም ይሸከማል፤ ኢመርሽኑ በነፃ የሚገኝ የግል ትምህርት ቤት ይመስላል። ኒው ብሩንስዊክ የምትባለው የካናዳ ክፍለ ሀገር በዚሁ ሰበብ ኢመርሽንን እስከ ማስቀረት ሄዳ ነበር። ወላጆች ተንጫጩና መንግሥት በ2023 የካቲት ዕቅዱን ተወው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ቅሬታው እውነት ነበር፤ መድኃኒቱ ግን ሌላ ነው፦ ረዳቱንና የንባብ መምህሩን ኢመርሽኑ ውስጥ ማስገባት።

ማውጣት የሚሻልበት ጊዜ የለም ወይ? አለ እንጂ። ልጁ ጠዋት ጠዋት እያለቀሰ ሆዱን የሚያመው ከሆነ፣ የተጠየቀው ድጋፍ በጽሑፍ ተጠይቆ ካልመጣ፣ የሚሄድበት ቦታ ደግሞ ማን በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚያስነብበው ከታወቀ፣ አውጡት። ፈረንሳይኛ ታቦት አይደለም። ለፌደራል መንግሥት ሥራ ይጠቅመዋል ብላችሁ የዛሬውን ልጅ አታስጨንቁት። ብቻ አወጣጣችሁ "ሰነፍክ" የሚል እንዳይሆን። እንደ ቅጣት የወጣ ልጅ በአዲሱም ክፍል ጠረጴዛ ሥር ነው የሚገባው።

አንድ ነገር ደግሞ ከመርሳቴ በፊት። "ሦስት ቋንቋ በዝቶበታል፣ አማርኛውን ተዉት" የሚል ምክርም ይሰጣል፤ ሐኪም ሳይቀር። አትስሙ። ሁለት ቋንቋ የንባብን ችግር አያመጣም፤ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች እንኳ በሁለት ቋንቋ በማደጋቸው እንደማይጎዱ ጥናቶች ያሳያሉ። አማርኛውን ከወሰዳችሁበት ከአያቱ ጋር በስልክ የሚያወራው በምንድን ነው? ማታ ስትተኙ በአማርኛ ተረት አውሩለት፤ ቃላትን በድምፅ እየከፋፈላችሁ ተጫወቱ። ያ ጨዋታ ለፈረንሳይኛውም ያግዛል።

የዝግጅት ክፍሉን አንድ ነገር ልለምን። ለርዕሰ መምህር የሚጻፈውን ደብዳቤ ናሙና በእንግሊዝኛ፣ ከጎኑ በአማርኛ ማብራሪያ አድርጋችሁ አትሙልን። ረቂቁን እኔ ልልክላችሁ እችላለሁ፤ ሦስት መስመር ነው። የልጁ ስምና ክፍል፣ "ልጄ አይፒአርሲ ፊት እንዲቀርብ እጠይቃለሁ" የሚል ዓረፍተ ነገር፣ ፊርማ። ወላጆች ቀን ይጻፉበት፣ ከመስጠታቸው በፊት በስልካቸው ፎቶ ያንሡት። አስተርጓሚም አስቀድመው ይጠይቁ። ታላቅ እህቱን ከክፍሏ አስወጥቶ ስለ ወንድሟ ማስተርጎም ግን ይቅር፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ስብሰባ ውስጥ ምን ትሠራለች?

አክባሪያችሁ
አንዲት የድሬ ልጅ፣ ከቶሮንቶ